በሁለቱም ዓምድ

መምህር ሀብተሥላሴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መንግሥታትን ሲያስነሣና ሲጥል የኖረ ሰው ነው። መሣሪያው ጠመኔ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ይከፍልና በግራው ዓምድ «መነሣት»፣ በቀኙ ዓምድ «መውደቅ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ አክሱምም ሆነ ሮም፣ ኦቶማንም ሆነ ሌላ፣ ሁሉም በተራው በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው በኦሮምኛ፣ ቁጣው በአማርኛ። አምቦ ውስጥ ታሪክን ከእሱ ያልተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ማግኘት ይቸግር ነበር ማለት ይቻላል።

እሱ ራሱ እዚያው አምቦ ነው የተወለደው። የክርስትና ወረቀቱ ላይ ግን የትውልድ ቦታው «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን አንዳንድ ጊዜ ክፍል ይዞ ይገባና «ይህቺ ከተማ የት ነች?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ የሆነ ገዳም ይመስላቸዋል። ቁጭ ብለውባታል እኮ፤ የአምቦ የድሮ ስም ነው! ይህን ጊዜ ሀብተሥላሴ ደስ ይለዋል፤ መንግሥት ሲወድቅ ስሙ ወረቀት ላይ ለትንሽ ጊዜ እንደሚቆይ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ አንዷ ጊፍቲ ኤጄታ ነበረች። ከግንደበረት፣ ካቺሲ አጠገብ ካለ ቀበሌ መጥታ፣ አያንቱ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ግን ሰሌዳው ሞልቶ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲገለብጥ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መስፋፋት ሁለቱም ጋ አለ።»

«ምን?»

«በግራ በኩል ግዛታቸውን ስላስፋፉ ተነሡ ይላል። በቀኝ በኩል ደግሞ ግዛታቸው ስለሰፋ ወደቁ ይላል። የትኛው ነው ልክ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሀብተሥላሴ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እውነቷን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቃል በሁለቱም ዓምድ ሲጽፍ ኖሮ አንድም ቀን ዓይኑ አላየውም ነበር። ይህ ደግሞ ትንሽ አበሸቀው።

«ሁለቱም ነው» አላት። «ፈተና ላይ ከመጣ ሁለቱም ጋ ጻፊው። አሁን ገልብጪ።»

እሷ አልሳቀችም። ዝቅ ብላ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

ክፍላቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጊፍቲ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ አታውቅም፤ መሀል ላይ ካለው ማረፊያ ስትደርስ ትቀመጣለች። ሀብተሥላሴ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይቀልድባታል። «የኬላ ኃላፊዋ እንዴት ዋልሽ? ዛሬ ማንን አስቆምሽ?» ይላታል። ቀልዱ ተዛመተና ማረፊያው «ጊፍቲ ኬላ» ተባለ። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እየሳቀች፣ «ትንፋሼን እየጠበቅኩት ነው ቲቸር፣ ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ነው» ትለዋለች። የአንድ መንግሥት የመድከም ምልክቶች ስንት እንደሆኑ በጣቱ የሚቆጥር ሰው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንፋሽ ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ይህን በኋላ ለራሱ ደጋግሞ ብሎታል። ማለቱ ግን ምንም አይጠቅምም።

አባቷን ያወቃቸው ሊያስመዘግቧት የመጡ ጊዜ ነው። ኦቦ ኤጄታ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ አማርኛቸውን የተማሩት ሰሜን ምሽግ ውስጥ ነው፤ ይኮሩበታልም። ሀብተሥላሴ ደግሞ በኦሮምኛው ይኮራል። እናም ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ለማክበር ቋንቋ ይለዋወጣሉ፤ መምህሩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ኦቦ ኤጄታ በአማርኛ ይመልሳሉ። ለሚያዳምጣቸው ሰው የሚያስቅ ነገር ነበር። ያን ቀን ምን እንደሚያስተምር ጠየቁት። መንግሥታት እንዴት እንደሚወድቁ ነው ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ልንገርዎ» አሉ። «የእኛ መንግሥት ሲወድቅ እኔ ዘብ ላይ ነበርኩ። ከወደቀ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ማንም አልነገረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ የሌለ መንግሥት ስጠብቅ ነበር።»

ልጃቸውን ለማስተማር ብለው ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል፤ መንደሩ ውስጥ ያልወቀሳቸው የለም። ስለዚህ ሲሰናበቷት በሌባ ጣታቸው እያስፈራሩ፣ «ብትወድቂ እቤቴ እንዳትመጪ። እዚያው አምቦ ቅሪ!» አሏት። እየሳቁ ነው ያሉት። እሷም ሳቀች። ሀብተሥላሴም አብሮ ሳቀ።

ፈተናውን በጥቅምት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር ወጣ። ያን ሰሞን ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ የሚሰማው አንድ ወሬ ነበር፤ ከመቶው ተማሪ ሦስቱ እንጂ አላለፉም፤ ሌላው ሁሉ ወድቋል። አውቶቡስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ «ልጅህስ?» «ወደቀ።» «ያንቺስ?» «ወደቀች።» ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ይህንኑ ነበር። በሀብተሥላሴ ትምህርት ቤት ያለፉት አራት ልጆች ብቻ ናቸው።

አንዷ ጊፍቲ ነበረች። ውጤቱ እስኪወጣ አምቦ ቆይታ በአያንቱ ስልክ አየችው፤ አይታም ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ሀብተሥላሴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደብተር እያረመ ነበር፤ የእግሯን ኮቴ ሰማው። ኮቴው «ጊፍቲ ኬላ» ላይ አልቆመም። በሩ ላይ ደርሳ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ አደረገች።

«ቲቸር፣ ሦስት መቶ አርባ አንድ!»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወደቀች።

ሆስፒታል ያያት ሐኪም ወጣት ነው፤ ነገር ማለስለስ ገና አልለመደም። ልቧ ሰፍቷል አለ። በልጅነቷ ደጋግሞ የያዛት የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር አበላሽቶታል፤ በሩ በደንብ ስለማይዘጋ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ልብ ይህን ለመቻል ብሎ ይሰፋል» አለ። «መጀመሪያ መስፋቱ ያግዘዋል፤ ሰውየው ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ቆይቶ ግን ራሱ መስፋቱ ነው የሚያደክመው። ትንሽ ስትረጋጋ አዲስ አበባ እንልካታለን። ቤተሰብ ይጠራላት።»

ጊፍቲ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላት ሁሉንም ትሰማ ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ ወደ ሀብተሥላሴ ዞረች።

«ሁለቱም ጋ ነው ለካ፣ ቲቸር» አለችው።

ምን እንደምትል ወዲያው ገባው። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንባውን እንድታይበት አልፈለገም።

«ለአባቴ ሊደውሉለት ነው?» አለችው ቆይታ።

«አዎ።»

«ውጤቱን ግን እንዳይነግሩት። እኔ ነኝ የምነግረው። ቃልዎን ይስጡኝ።»

ቃሉን ሰጣት።

በእኛ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይወረወርም። ሰው ሩቅ አገር፣ ብቻውን፣ ሜዳ ላይ ቆሞ «ልጅህ ልቧ ታሟል» አይባልም፤ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ እንዲቀልለት ትንሹ ቃል ይመረጥለታል። ሀብተሥላሴም በአገሩ ወግ ትንሹን ቃል መረጠ። ለኦቦ ኤጄታ ክብር ሲል ደግሞ በኦሮምኛ አደረገው።

«ኦቦ ኤጄታ፣ አካም ጅርቱ?» ብሎ ጤንነታቸውን፣ ከብቱን፣ አውድማውን ጠየቀ። ከዚያ፣ «ጊፍቲን ኩፍቴ» አላቸው።

«ወደቀች?» አሉ በአማርኛ።

«አዎ፣ ትናንት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ። አይጨነቁ፤ ግን ቶሎ ይምጡ። እርስዎን ትላለች።»

«ብያት ነበር» አሉ ኦቦ ኤጄታ። ድምፃቸው ሻክሯል። «ብያት ነበር እኮ። እዚያው ትሁን።»

«ምን ማለትዎ ነው? ልጅዎ እኮ ናት!»

«ልጄ ስለሆነች ነው!»

ስልኩ ተዘጋ። መልሶ ሲደውል ጠፍቷል።

ሀብተሥላሴ በዕድሜው እንደዚያ ቀን በሰው ተቆጥቶ አያውቅም። ስልኩን ይዞ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመ። እንዲህ ያለ አባት አለ? ጦርነት የሰውየውን አንጀት አድርቆታል ማለት ነው? ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ትሕትና የት ሄደ? ወደ ጊፍቲ ተመለሰና ዋሻት።

«ይመጣል። መንገዱ ተዘግቶ ነው።»

መንገዱ በእርግጥ ያን ሰሞን አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበርና አመነችው። ተኝታ የአባቷን መንገድ ትቆጥር ጀመር። «ዛሬ ካቺሲ አድሯል» ትላለች። በማግስቱ፣ «አሁን ጎጆ ደርሷል። ከዚያ ጊንጪ ነው። ከጊንጪ በኋላማ አስፋልት ነው» ትላለች። ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አያንቱ ናት፤ ወይ ነርሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ሀብተሥላሴ ንዴቱን መያዝ አቅቶት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለጂኦግራፊ አስተማሪዋ ለሲንቄ አወራት።

«አስቢው እስቲ! ልጅዎ ወድቃለች ብዬ ደወልኩለት፤ እዚያው ትሁን አለኝ!»

ሲንቄ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ጋሽ ሀብቴ፣ እንደዚያ ነው ያሏቸው? ወድቃለች?»

«አዎ!»

«በዚህ ሰሞን?»

ኩፍቴ። ወደቀች። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ መሬት ላይ ለመውደቅም በፈተና ለመውደቅም ያው አንድ ነው። እሱ ዘመኑን በሙሉ በዚያ ቃል ሲኖር፣ ቃሉ ሰው ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላሰበም። ሰውየው ጨካኝ አይደለም። ያልሰማ ሰው ነው እንጂ። ዛሬም እንደ ድሮው ዘብ ላይ ቆሞ፣ የሌለ ነገር እየጠበቀ፣ የሚነግረው አጥቷል።

ደወለ። ዝግ ነው። እንደገና ደወለ። ኦቦ ኤጄታ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት በገበያ ቀን ካቺሲ ሲወጡ ነው፤ ሌላ የሚደወልለት ሰው ደግሞ ሀብተሥላሴ በዚያ አገር አያውቅም። በማግስቱ ማለዳ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ሆስፒታል ጎራ ብሎ ሊያመጣቸው እንደሚሄድ ነገራት። ጊፍቲ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

«ውጤቱን እንዳይነግሩት» አለችው። «ቃልዎ ነው።»

ሚኒባሱ ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ አቧራ ለአቧራ ሄደ። ሀብተሥላሴ መንገዱን ሙሉ የሚላቸውን ሲያዘጋጅ ነበር። ይቅርታ ይጠይቃቸዋል፤ ከዚያ ይዟቸው ይመለሳል፤ ማታውን ካልደረሱ ነገ ጠዋት ይደርሳሉ። ጎጆ ላይ መኪናው ሰው ለመጫን ሲቆም ስልኩ ጮኸ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። አያንቱ ናት።

«ቲቸር…» አለች። ማልቀሷን ብቻ ሰማ።

ከመኪናው ወርዶ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ ሁለቴ ጠራው፤ አልሰማም። መኪናው ትቶት ሄደ። ወደ አምቦ መመለስ ይችል ነበር። መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ተሂዶ ነው የሚነገር። ነገር ግን ይህን ሰው በስልክ ዘብ ላይ ያቆመው እሱ ነው። ማን ሄዶ ያንሣለት? እዚያው ጎጆ አደረና በማግስቱ ረፋድ ላይ ካቺሲ ገባ። ከዚያ በእግሩ ሄደ።

ኦቦ ኤጄታ አውድማ ላይ ነበሩ። ጤፍ እየወቁ ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቹን ይነዳሉ። መምህሩን ከሩቅ ሲያዩት መንሻቸውን ጣሉና በሁለት እጃቸው ሊጨብጡት መጡ። አፍረዋል። ፊታቸው ግን በርቷል።

«ለእርቅ ነው የመጡት አይደል?» አሉ በአማርኛ። «እርስዎን ያህል ሰው ለእኔ ለጅሉ! አይናገሩ፣ አይናገሩ። እኔ ራሴ ቅዳሜ ልመጣ ነበር። በሬዲዮ ሰማሁ እኮ፤ አገሩ በሙሉ ነው የወደቀው። የእኔ ልጅ ብቻዋን ምን አጠፋች? ስልኬን አጥፍቼ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። ይኸው ትናንት ንዴቴ ወጣልኝ። ትምጣ። የፈለገ ይሳቅብኝ፤ ልጄ ናት።»

እጁን ይዘው ወደ ቤት ጎተቱት። ሚስታቸው ወርቅቱ በር ላይ ቆማ ታፍራለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ደርቆበታል። ከጓዳው አዲስ የተለቀለቀ ግድግዳ ሽታ ይመጣል።

ሀብተሥላሴ ቆመ። የሚያግዘው ሽማግሌ የለም። ለጊፍቲ የሰጠው ቃልም ባለቤት የለውም። ወድቃለች የሚለውን ቃል ከእንግዲህ እስኪሞት አይናገረውም። ሞታለች የሚለውንም አንደበቱ እምቢ አለው። እናም ያቺው የአገር ወግ፣ ያቺው ትንሽ ቃል የምትመርጠው ወግ፣ እንደገና መጣችና ከሁሉ የለሰለሰውን ቃል አፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ኦቦ ኤጄታ» አለ በኦሮምኛ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጊፍቲን ደበርቴ።»

ኦቦ ኤጄታ ፈዘው አዩት።

«አለፈች?» አሉ። ከዚያ ጮኹ። «ወርቅቱ! አለፈች! ልጅሽ አለፈች!»

የወርቅቱ እልልታ ግቢውን ሞላው። አውድማ ላይ ያሉት ሰዎች በሬዎቹን ትተው እየሮጡ መጡ። ኦቦ ኤጄታ የመምህሩን ትከሻ ይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ያን ሁሉ የወቀሳቸውን ሰው በስም እየጠሩ ይፎክራሉ። ሀብተሥላሴ መካከላቸው ደርቆ ቀረ። ምድር ብትከፈትለት ይገባ ነበር። በሕይወቱ ሁለት ጊዜ እውነቱን ተናግሮ፣ ሁለት ጊዜ ግማሹ ብቻ ተሰማለት።

በመጨረሻ ኦቦ ኤጄታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ሳቃቸው ገና አልበረደም። «ግን መምህር፣ ያን ዕለት ወደቀች አላሉኝም?» አሉት። «ወድቃለች ወይስ አልፋለች? የትኛው ነው?»

ሀብተሥላሴ ቀና ብሎ አያቸው።

«ሁለቱም ነው፣ አባ ጊፍቲ» አለ። ከእሳቸው ጋር በራሱ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ፈተናውን አልፋለች። ሦስት መቶ አርባ አንድ ነው ያመጣችው፤ ራሷ ልትነግርዎ ነበር። የወደቀችው በልቧ ነው፤ ክፍሉ በር ላይ። እኔ ነኝ በደንብ ያልነገርኩዎት።»

መጀመሪያ የገባት ወርቅቱ ናት። እልልታዋ መሀል ላይ ተቆረጠ፤ እጇ አፏ ላይ ቀረ። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። ኦቦ ኤጄታ ግን የመምህሩን ትከሻ አልለቀቁም።

«መቼ?» አሉ።

«ትናንት፣ በሰባት ሰዓት።»

«ትናንት?» አሉ ኦቦ ኤጄታ። ወደ ሚስታቸው ክንድ ዞረው ጭቃውን አዩት። «ትናንት በሰባት ሰዓት እኮ ክፍሏን እየለቀለቅን ነበር።»